በሩን ከመዝጋታችሁ በፊት መስኮቱን ክፈቱልን

ግልጽ ደብዳቤ፦ በደቡብና በሰሜን ወሎ ለምትገኙ የትምህርትና የጤና ኃላፊዎች
ግልባጭ፦ ለወላጆች፣ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ ፒንሳ ላለው ሁሉ

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

እንደምን ከረማችሁ? ከደሴ ወጣ ባለ አንድ ደጋ ቀበሌ አራተኛ ክፍል አስተምራለሁ። የትምህርት ቤታችንን ስም አልጽፍም። ርዕሰ መምህራችን ደግ ሰው ነው፤ በእኔ ጦስ ስብሰባ እንዲጠራ አልፈልግም።

የምጽፍላችሁ ስለ ወረርሽኝ ነው። ‹‹ኮሮና የሚሉት ነገር ድሮ ቀረ፣ አሁን ምን አስታወሳት?›› ትሉ ይሆናል። ስለቀረ እኮ ነው አሁን የምጽፈው። በሽታ ሲመጣ ደብዳቤ የሚያነብ ሰው አይገኝም። ያኔ ሁሉም ስልክ ላይ ነው፤ በስልክ ደግሞ ለማዘዝ የሚቀለው ‹‹ዝጉ›› የሚለው ቃል ነው።

ለነገሩ ትምህርት ቤት መዝጋት ለምዶብናል። ክፉ ነገር ሲመጣ መጀመሪያ የሚቆለፈው እሱ ነው፤ መጨረሻ የሚከፈተውም እሱ። ይህ ይገልበጥልኝ። መጨረሻ ይዘጋ፣ መጀመሪያ ይከፈት። ለዚህ የሚያስፈልገው ነገር አብዛኛው በሽታው ሳይመጣ የሚሠራ ነው። ብዙውም የመስኮትና የውሃ ጉዳይ ነው።

የ2012ን ነገር ላስታውሳችሁ። መጋቢት 4 ቀን፣ ዓርብ፣ የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ አገራችን ውስጥ መገኘቱ ተነገረ። ሰኞ መጋቢት 7 ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ተወሰነ። ለ15 ቀን ተባለ። ጥቁር ሰሌዳው ላይ የማካፈል ሒሳብ ጽፌ ነበር። አላጠፋሁትም፤ 15 ቀን ምን አላት ብዬ። ጥቅምት 2013 ስመለስ ሒሳቡ እዚያው ነበር። ሰባት ወር ሙሉ ቀሪው ሳይወጣለት ተቀምጧል።

በዚያ መጋቢት መዘጋቱን አልቃወምም። የዓለም ጤና ድርጅት ወረርሽኝ ነው ካለ ገና አምስት ቀኑ ነበር። ስለ በሽታው የሚያውቅ ሰው አልነበረም። እኔም ፈርቻለሁ። እናቴ ስኳርም ግፊትም አለባት፤ ከገበያ ስመለስ በር ላይ ጫማዬን አውልቄ፣ ልብሴን ቀይሬ ነበር የምገባው።

የሚያንገበግበኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ሚኒባሱ በግማሽ ሰው፣ በእጥፍ ዋጋ መንገዱን ቀጠለ። የእኛ ሰፈር ገበያ በቀኑ ቆመ። ሠርጉም ቢሆን ድብቅ ድብቅ እየተባለ ተደገሰ። ትምህርት ቤቱ ብቻ እንደተቆለፈ ከረመ። ልጆቹ ታዲያ ቤት የተቀመጡ መስሏችኋል? ከተማሪዎቼ ብዙዎቹን ያገኘኋቸው ገበያ ውስጥ ነው። ሎሚ ይሸጣሉ፣ ማስቲካ ይሸጣሉ፣ ዘንቢል ይሸከማሉ። ከትንፋሽ ለማራቅ ተብለው ከክፍል የወጡ ልጆች ትንፋሽ በሞላበት ቦታ ዋሉ።

በሬዲዮና በቴሌቪዥን ትምህርት ይሰጣል ተባለ። ከፍ ላሉት፣ ስልክ ላላቸው፣ በቴሌግራምም ተላከ። የእኔ ልጆች ቤት ሬዲዮ ካለ ባትሪ ድንጋዩ የለም። ባትሪ ድንጋዩም ካለ አባትየው ዜና ይሰማበታል። እኔ መልመጃ ፎቶ ኮፒ እያደረግሁ በገበያ ቀን አድላቸው ነበር። ሎሚ ከምትሸጥ ልጅ ፊት ቆሜ የሒሳብ ወረቀት ስሰጥ ሰው ግብር ሰብሳቢ ይመስለው ነበር። ደግሞም ሠራ። ሳምንት ቆይተው ወረቀቱን ቅባትና ቡና ነክቶት ይመልሱልኝ ነበር፤ መልሱ ግን ተሠርቷል።

በመላ አገሪቱ ከ26 ሚሊዮን በላይ ተማሪዎች ናቸው ከትምህርት የራቁት። ስምንተኛና አሥራ ሁለተኛ ክፍሎች ቆይተው ተፈተኑ፤ ሌሎቹ ያለፈተና ወደሚቀጥለው ክፍል ተዛወሩ። በወረቀት ተዛወሩ ማለቴ ነው። በ2013 አራተኛ ክፍል ከተቀበልኳቸው ውስጥ የራሱን ስም ሲጽፍ ፊደል የሚገድፍ ልጅ ብዙ ነበር።

መመለሳቸውም መታደል ነው። በዚያ ጥቅምት ስም ስጠራ ዘጠኝ ስም መልስ አጣ። ደግሜ ጠራሁ። ‹‹አረብ አገር ሊሄድ ወጥቷል›› አሉኝ ስለ አንዱ፤ ዕድሜው 15 አይሞላም። ሌላዋ ዘግይታ ትምህርት የጀመረች፣ ከክፍሉ ሁሉ በቁመት የምትበልጥ ልጅ ነበረች። እናቷን መንገድ ላይ አገኘኋትና ጠየቅኋት። ሴትዮዋ አንገቷን ደፋች። ‹‹እትዬ፣ ይከፈታል ያለን ማን ነበር? ቁጭ ከምትል ብለን ዳርናት›› አለችኝ።

ይከፈታል ያለን ማን ነበር? ይህን ጥያቄ ለእናንተ አስተላልፋለሁ። እኔ መልስ አልነበረኝም። 15 ቀን የተባለው ካለፈ በኋላ ቀን ቆርጦ የነገረን አልነበረም። ‹‹በዚህ ቀን እናየዋለን፣ እንዲህ ከሆነ እንከፍታለን›› የሚል አንድ ወረቀት ቀበሌው በር ላይ ቢለጠፍ፣ ጋብቻውን ባያስቀረው እንኳ አባቷ የሚያመነታበት ምክንያት ይኖረው ነበር።

አሁን ወደ መስኮቱ ልምጣ።

ኅዳር 12ን ሁላችንም እናውቃታለን። ኅዳር ሲታጠን ተማሪዎቻችን ግቢውን ይጠርጋሉ፣ ቆሻሻው ተከምሮ ይቃጠላል፣ አገሩ በጭስ ይታፈናል። ልማዱ የመጣው በ1911 ከገባው የኅዳር በሽታ ነው። ዓለም የስፔን ጉንፋን ይለዋል። ራስ ተፈሪን ሳይቀር አልጋ ላይ የጣለ በሽታ ነበር። ከመቶ ዓመት በላይ ያን ሞት በጭስ እያስታወስን ኖረናል። ጥሩ ነው፤ ግቢው ይጸዳል። ግን የኅዳር በሽታም ኮሮናም ከቆሻሻ ክምር አልመጡም። በትንፋሽ ነው የመጡት። ትንፋሽን ደግሞ የሚያስወጣው ንፋስ ነው።

ይህን ለልጆች በቃል ብነግራቸው አልገባቸውም። አንድ ጠዋት ማጨሻ፣ ፍምና ትንሽ ሉባንጃ ይዤ ክፍል ገባሁ። መስኮትና በር ዘጋን። ማጨሻውን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጥኩና ‹‹የሸተተው እጁን ያውጣ›› አልኩ። የፊተኛው ረድፍ አወጣ። ቀጥሎ ሁለተኛው። ብዙም ሳይቆይ የመጨረሻው አግዳሚ ላይ ሁልጊዜ የሚያንቀላፋው ልጅ እንኳ ነቅቶ እጁን አወጣ። በቆርቆሮው ቀዳዳ በምትገባው የፀሐይ ጨረር ውስጥ ጭሱ ሲንሳፈፍ ሁሉም አየው። ‹‹ትንፋሻችንም እንደዚሁ ነው፤ አይታይም እንጂ›› አልኳቸው። ከዚያ ትይዩ ያሉትን ሁለት መስኮቶች ከፈትን። ጭሱ እየተጎተተ ወጣ። አንዷ ተማሪዬ ‹‹ቲቸር፣ ቡናውስ?›› ብላ ክፍሉን በሳቅ ገደለችው። የጎረቤት ክፍል መምህርም ብቅ ብሎ ‹‹ወዳጃ ጀመርሽ እንዴ?›› አለኝ፤ በወሎ ዕጣን እየጨሰ፣ ቡና እየተፈላ የሚደረገውን ጸሎት ማለቱ ነው።

መስኮት ለመክፈት ግን መስኮት ያስፈልጋል። የእኔ ክፍል አራት መስኮት አለው። ኮሮና ሲመጣ ከአራቱ የሚከፈት አንድም አልነበረም። መስታወቱ ከተሰበረ ቆይቷል። ብርዱን ለመከላከል የዘይት ጣሳ ተዘርግቶ በሚስማር ተመቶበታል። ክፍሉ ጨለማ፣ አየሩ የታፈነ፣ ልጆቹ ጉንፋን የማይለቃቸው። ከጥበቃው ጋሼ ፒንሳ ተውሼ በአንድ ቅዳሜ የሁለቱን ሚስማር ነቀልኩ። እጄ ደማ። ሁለቱን ለመክፈት ከ20 በላይ ሚስማር! ማን እንደመታው አላውቅም፤ ከልቡ ነው የመታው።

ከዚያ ብርዱ መጣ። ደጋ ነን። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ የጦሳ ተራራ ገና ጉሙን አላወለቀም። ንፋሱ ደብተር ይገልጣል፣ ቾክ ይበትናል። ልጆቹ ጋቢና የእናታቸውን ሻርፕ ደርበው እንዲመጡ ፈቀድኩ። ሰልፍ ላይ እረኛ የተሰበሰበ ይመስል ነበር። የመጣ ተቆጣጣሪ አይቶ ‹‹ዩኒፎርሙ ተሸፍኗል›› ብሎ መዝገቡ ላይ ጻፈብኝ። ይጻፍ። ስለ መስኮቱ ግን ምንም አልጻፈም።

አንድ የገረመኝ ነገር ልንገራችሁ። ከግንቡ ክፍል ጀርባ በዳስ የሚማሩ አንደኛ ክፍሎች ነበሩን። ግድግዳው እንጨት ብቻ፣ ጭቃ ያልተመረገ፣ ንፋሱ እንደልቡ የሚያልፍበት። ሁልጊዜ እንግዳ ሲመጣ የምናፍርበት ክፍል ነው። በወረርሽኙ ጊዜ ግን ለትንፋሽ ከግቢው ሁሉ የሚሻለው እሱ ሆነ። ዳስ ሥሩልን እያልኩ አይደለም፤ ዝናብ ሲመጣ ምን እንደሚሆን እኛ እናውቃለን። የምለው አዲስ ግንብ ስትሠሩ በሁለቱም በኩል የሚከፈት መስኮት አድርጉለት ነው። አንድ ጎን ብቻ ከሆነ አየሩ እንደልብ አይዘዋወርም። ከጣሪያው ሥርም ሰፋ ያለ ክፍተት ይተውለት፤ ብርዱ ልጆቹ አናት ላይ ሳያርፍ አየሩ ይወጣል።

ስለ ውሃ ብዙ አልልም፤ ታውቁታላችሁና። ትምህርት ቤቱ ሲከፈት በር ላይ ቧንቧ የተገጠመላቸው ጀሪካኖች ተደረደሩ። ሳሙናም ነበር። ፎቶ ተነሳ። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ጀሪካኖቹ ደረቁ፤ የሚሞላቸው ሰው አልተመደበማ! ውሃው ያለው ቁልቁል ቦኖው ጋ ነው። እያንዳንዱ ልጅ ከቤቱ በሃይላንድ ውሃ ይዞ እንዲመጣ አደረግን። የያዘው ታጠበ፣ ያልያዘው ከጓደኛው ለመነ፣ የተጠማው ጠጣው። ጣሪያችን ቆርቆሮ ነው፣ ክረምታችን ዝናብ ነው። አሸንዳና አንድ ሮቶ ቢኖር ቢያንስ እስከ ኅዳር ያደርሰን ነበር።

ማስክም ነበር። በአንድ ክፍል ከ20 እስከ 25 ተማሪ፣ በአንድ ዴስክ አንድ ልጅ የሚል መመሪያ ስለነበር በፈረቃ ነበር የምናስተምረው። ሁለት ወንድማማቾች ነበሩን። ትልቁ የጠዋት፣ ትንሹ የከሰዓት ፈረቃ። እኩለ ቀን ላይ በሩ ጋ ይገናኛሉ። ትልቁ ማስኩን ያወልቅና ለትንሹ ያጠልቅለታል፤ ላስቲኩን ከጆሮው ኋላ ቋጠር ያደርግለታል፣ ይሰፋዋላ። ከዚያ አንዱ ወደ ቤት፣ አንዱ ወደ ክፍል። ማስክ የሌለው አይገባም ብለን ነበር፤ ሁለቱም ማስክ አድርገው ገቡ። ያን ጊዜ እኔ በር ላይ ተረኛ ነበርኩ። ምን ልበላቸው? ዝም አልኩ። በማግስቱ ከቤት አንድ የጨርቅ ማስክ ሰፍቼ ለትንሹ ሰጠሁት። ለመላው ትምህርት ቤት ግን መስፋት አልችልም።

ፈረቃው ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደስ ብሎኝ ነበር። በአስተማሪነት ዘመኔ የእያንዳንዱን ልጅ ደብተር በየቀኑ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። አመመኝ እንጂ፤ ጠዋትና ከሰዓት ያንኑ ትምህርት ደግሞ ማስተማር ጉሮሮ ያቃጥላል። ሳል ይዞኝ ያስተማርኩበት ቀን አለ። የሚተካኝ ሰው አልነበረም፣ ብቀር ደግሞ ቀሪ ነኝ። የታመመ መምህር ቤቱ እንዲቀር ከፈለጋችሁ መቅረቱ የማያስቀጣው አሠራር ይኑር። ክትባት መጋቢት 2013 ሲጀመር ቅድሚያ ለጤና ባለሙያዎች ተሰጠ፤ ትክክል ነው። ለሚቀጥለው ጊዜ ከእነሱ ቀጥሎ መምህሩን ጻፉት። ልጅ በኮሮና ብዙ አልተጎዳም፤ የሚጎዳው ቤት ያሉት አያቱና ፊቱ የቆመው አስተማሪው ናቸው።

ከዚያ ያለውን ታውቁታላችሁ። ገና ከኮሮናው ሳናገግም ጦርነቱ መጣ። በ2013 ክረምት ከሰሜን ወሎ የተፈናቀለው ሕዝብ ደሴ ሲገባ የተጠለለው ትምህርት ቤቶች ውስጥ ነበር። በጥቅምት 2014 ደሴና ኮምቦልቻም ተራቸው ደረሰ። ስንመለስ ስንት ክፍል ያለ ዴስክ፣ ያለ መጽሐፍ ነበር የጠበቀን። በ2012 አንደኛ ክፍል የገባ የወሎ ልጅ በሦስት ዓመት ውስጥ አንድ ሙሉ የትምህርት ዓመት አላየም። ከዚያ ወዲህም በክልላችን በጸጥታው ምክንያት ደጃቸው የተቆለፈ ትምህርት ቤቶች አሉ። ያኛውን መከላከል በእኔም በእናንተም እጅ ላይሆን ይችላል። በበሽታ የሚመጣው መዘጋት ግን በእጃችን ነው። ለዚህ ነው ስለ ሚስማር የምጨቀጭቃችሁ።

ሌላም አለኝ። የስም መጥሪያዬን ተመልከቱልኝ። በአንድ ሰኞ ከአንድ መንደር ስድስት ልጆች ከቀሩ፣ ወይ ሠርግ ነው ወይ በሽታ ነው። ከጤና ኬላው በፊት የማውቀው እኔ ነኝ። ግን ለማን ልንገር? የጤና ኤክስቴንሽኗ ስልክ ያለኝ ጎረቤቴ ስለሆነች ነው። በየትምህርት ቤቱ ቀሪ በዛ ሲል በዚያው ቀን የሚደወልለት ሰው ይመደብ። ኤክስቴንሽኗም ሄዳ ነገሩን ትየው። ያኔ የአንድ መንደር በሽታ የዞኑን ትምህርት ቤት ሁሉ አያስዘጋም። ያ መንደር ያለበት ክፍል ለጥቂት ቀን ይቀራል፣ ሌላው ይማራል። ፈጽሞ መዝጋት ግድ ከሆነም የሚከፈትበት ወይም እንደገና የሚታይበት ቀን አብሮ ይጻፍ። የምገባ እህል ካለ በመጋዘን አይክረም፣ ለወላጅ ይሰፈር። ፎቶ ኮፒውንም እኔ በደመወዜ የማደርገው አይሁን።

የዓለም ጤና ድርጅት የኮሮና አስቸኳይ ጊዜ አበቃ ያለው ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ነው። የአርበኞች ቀን ላይ መዋሉ ፈገግ አሰኝቶኛል። ዜናውን ከሰማሁ በኋላ ግቢያችንን ዞሬ አየሁ። ከዚያ ሁሉ ጥድፊያ የቀረን አንድ ፖስተር ነው፤ ሁለት እጆች ከቧንቧ ሥር ሲታጠቡ የሚያሳይ። ከሥዕሉ በታች ቧንቧ የለም። እኔ የከፈትኳቸው ሁለት መስኮቶችም ብርዱ ሲበረታ እንደገና በጣሳ ተመቱ። አልፈርድም፤ መስታወት የሌለው መስኮት በሐምሌ አይቻልም።

አዲሱ በጀት ሐምሌ 1 ይጀምራል። ዕቅዱ ከመዘጋቱ በፊት አንድ ባለሙያ ልካችሁ በየትምህርት ቤቱ የማይከፈተውን መስኮት አስቆጥሩ። ቆጠራው የአንድ ጠዋት ሥራ ነው። የእኛን እኔ ቆጥሬዋለሁ፤ ከ32 መስኮት የሚከፈተው 9 ነው። መስታወቱና ማጠፊያው ከመጣልን መግጠሙን ለእኛ ተዉት። ወላጆች አሉን፣ ከመካከላቸው አናጢም አለ። የጥበቃው ጋሼ ፒንሳም አሁን ድረስ አለ።

ራሳችሁም ብትመጡ ደስ ይለናል። ለምረቃ ሳይሆን ለትምህርት፣ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ። የመጨረሻው አግዳሚ ላይ ቦታ አለ። ስትመጡ ግን ጋቢ ያዙ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት መምህርት፣ ደቡብ ወሎ